የፔጆ 205 ጂቲአይ የውድድር የኋላ አክስል ኪት፦ ከወፍራሙ ባር በፊት ኩሽኔታው

ለፈረንሳይ ሠራሹ ትንሽ ፈጣን መኪና ለፔጆ 205 ጂቲአይ የሚሸጠው የውድድር የኋላ አክስል ኪት በስሙ ብዙ፣ በይዘቱ ግን አንድ ነው። እንግሊዝና ፈረንሳይ ውስጥ በዚህ መኪና ላይ ብቻ የሚሠሩ ትናንሽ ጋራዦች አሉ፤ ሁሉም የሚያወጡት ካርቶን ሲከፈት ተመሳሳይ ነገር ይገኝበታል። ከፋብሪካው የወፈሩ ሁለት ቶርሽን ባሮች፣ ወፍራም ስታቢላይዘር (መኪናው በኩርባ ብዙ እንዳያዘነብል የሚይዝ ዘንግ)፣ ጥንድ ጋዝ አሞርዛተር፣ በጎማ ፋንታ ጠንካራ ፕላስቲክ ወይም አሉሚኒየም የሆኑ፣ አክስሉን ከመኪናው አካል ጋር የሚያስሩ አራት ሳፖርቶች። የኩሽኔታና የኦይልሲል ፓኬት በአንዳንዱ ውስጥ አለ፤ በአብዛኛው ግን “ከፈለጉ ይጨመራል” ተብሎ መጨረሻ ላይ ይጻፋል። ፍርዱን ከወዲሁ ለመናገር ያህል፣ መጨረሻ ላይ የተጻፈው ነገር ከሁሉም ቀድሞ መገዛት ያለበት ነው። አሞርዛተሩ ገንዘቡን ያወጣል፣ ባሮቹ ጥሩ ናቸው፣ ሳፖርቶቹ ደግሞ እንደ መኪናው ሥራ ይወሰናሉ።

ከኪቱ በፊት የአክስሉን አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል። የሃይስ ሚኒባስ ፊት ለፊት የገባ መካኒክ ሁሉ ቶርሽን ባርን ያውቃል፤ እየተጠማዘዘ የሞላን ሥራ የሚሠራ ቀጥ ያለ የብረት ዘንግ ነው። የ205 የኋላም ይኸው ነው፣ ግን ባሮቹ ወደ ኋላ ርዝመት ሳይሆን ከግራ ወደ ቀኝ ተኝተዋል። መሀል ላይ ወፍራም ቱቦ አለ። አንደኛው ባር ከቱቦው ፊት፣ ሌላው ከኋላው ያልፋል፤ እያንዳንዱ በአንድ ጫፉ ጎማው የተሰካበትን ክንድ ይይዛል፣ በሌላው ጫፉ ማዶ ካለው ቅንፍ ጋር በጥርስ ይታሰራል። ስታቢላይዘሩ በቱቦው ውስጥ ነው የሚያልፈው፣ ከውጭ አይታይም። ክንዶቹ ደግሞ ውስጠ ክፍት በሆነ ዘንግ ቱቦው ውስጥ ገብተው በመርፌ ኩሽኔታ ላይ ይሽከረከራሉ፤ በየጎኑ ሁለት፣ በድምሩ አራት። ሃይስ ላይ ባሩን የምታጠብቀው ቡሎን አለች፤ እዚህ የለችም። ከፍታ የሚቀየረው ባሩን አውጥቶ ጥርሱን በማዛወር ብቻ ነው። ይህን ሳይረዱ ኪት የገዙ ሰዎች ናቸው በኋላ “መኪናው ወደ አንድ ጎን አዘነበለ” የሚሉት።

ይኸው ንድፍ በፔጆ 309፣ በ106፣ በ206 እና በ306፣ በሲትሮየን ሳክሶ፣ በዜድኤክስ እና በመጀመሪያው በርሊንጎ ላይም በልዩ ልዩ መጠን አለ። ስለዚህ ከታች የሚባለው አብዛኛው ነገር ለእነሱም ይሠራል፣ ልኩ ቢለያይም።

አሁን ወደ ኩሽኔታው። የዚህ አክስል በሽታ ውሃ ነው። የክንዱ ኦይልሲል ሲደርቅ ውሃና አቧራ ይገባል፤ ግራሶው ይታጠባል፤ መርፌዎቹ ይዝጋሉ። ክንዱ ሲወጣ መርፌዎቹ ግራሶ ውስጥ ሳይሆን በርበሬ በመሰለ ቀይ ዱቄት ውስጥ ተቀብረው ይገኛሉ፤ ግማሾቹ ተሰብረዋል፤ የክንዱ ዘንግ ላይ ደግሞ በትክክል የመርፌዎቹን ቅርጽ የያዘ ቦይ ተቆፍሯል። እዚህ ደረጃ ላይ አዲስ ኩሽኔታ ብቻ መግጠም ገንዘብ ማቃጠል ነው። ዘንጉ ላይ ጥፍር ሲያልፍ የሚይዘው ጉድጓድ ካለ ዘንጉ ራሱ መቀየር አለበት፤ ለዚያም ከባድ ፕሬስ ያስፈልጋል፣ በመዶሻ አይሞከርም። ጉዳቱ ከዚህም ካለፈ ኩሽኔታው የሚቀመጥበት የቱቦው ውስጠኛ ግድግዳ ይበላል። መለያው ቀላል ነው፤ አዲሱ ኩሽኔታ በእጅ ግፊት ብቻ ከገባ ቱቦው አልቋል። በሙጫ ለመያዝ የሚሞክሩ አሉ፤ ለገበያ መኪና ጥቂት ያቆያል፣ ለውድድር ግን አይሆንም።

መኪናው ሳይፈታ እንዴት ይታወቃል? ከኋላ ቆሞ ማየት ነው። ጎማዎቹ ከላይ ወደ ውስጥ ካዘነበሉ፣ በተለይ አንዱ ከሌላው በላይ ካዘነበለ፣ ዘንጉ ቱቦው ውስጥ እየተንጋደደ ነው። አንዳንድ ሻጭ ይህን “የስፖርት ካምበር” (የጎማ ዝንባሌ) ብሎ ይሸጠዋል! የ205 የኋላ አክስል ግን ካምበርም ሆነ የጎማ አቅጣጫ ማስተካከያ የለውም፤ ስለዚህ በዓይን የሚታይ ልዩ ዝንባሌ ካለ ወይ ያለቀ ነው ወይ የታጠፈ። ሌላው ምልክት የጎማው የውስጥ ጠርዝ ቀድሞ መላጨቱ ነው። መኪናውን በክሪክ አንስቶ ጎማውን ከላይና ከታች ይዞ መነቅነቅም ያሳያል፤ በዚህ ጊዜ ግን የጎማው የራሱ ኩሽኔታ እንዳያሳስት ሰው ክንዱ ቱቦው አጠገብ ያለውን ቦታ በጣቱ ነክቶ መከታተል አለበት። ክንዱ ራሱ ከተነቃነቀ ጥፋቱ እዚያ ነው።

ይህ ሁሉ ከወፍራም ባር ጋር ምን አገናኘው? ባሩ ሲወፍር ክንዱ ላይ የሚያርፈው ጉልበት ያድጋል፣ ጉልበቱን የሚሸከሙት ደግሞ እነዚያው አራት ኩሽኔታዎች ናቸው። በተጨማሪም የሚንገራገጭ ክንድ በኩርባ መካከል አንግሉን ይቀይራል፤ ሹፌሩ ምንም ሳያደርግ የመኪናው ኋላ ራሱ መሪ ይሆናል። በዚያ ላይ ጠንካራ ባር የገጠመ ሰው ችግሩን ከባሩ ያስባል፣ ባሩን ይቀይራል፣ ችግሩ ይቀጥላል።

የኩሽኔታው ፓኬት ሲመጣ ማየት የሚያስፈልገው ሁለት ነገር ነው፦ አራቱም የታወቀ አምራች ስም እንዳላቸው እና ኦይልሲሎቹ አብረው እንዳሉ። አንዳንዱ ኪት ቱቦው ላይ የሚበሳ የግራሶ ጡትም ይጨምራል። ሐሳቡ ጥሩ ይመስላል፤ ነገር ግን የቱቦው ሆድ ሰፊ ስለሆነ የሚገፋው ግራሶ ባዶውን ሳይሞላ ኩሽኔታው ጋ አይደርስም። ሲሞላ ደግሞ ኦይልሲሉን ገፍቶ ያስወጣዋል። ሲገጠም በደንብ ታሽቶ የገባ ውሃ የማያጥበው ግራሶ ከጡቱ ይበልጣል። በዚህ ጉዳይ ሌላ ሐሳብ ያላቸው አሉ፣ ጠጠር ላይ የሚነዱትም ጡቱን ይወዱታል፤ ለእነሱም ቢሆን ቀዳዳው በሁለቱ ኩሽኔታዎች መካከል ይሁን እንጂ በኩሽኔታው ላይ እንዳይሆን።

ወደ ባሮቹ እንለፍ። የቶርሽን ባር ጥንካሬ ከውፍረቱ አራተኛ ኃይል ጋር ያድጋል። ሻጮች “ሁለት ሚሊ ብቻ ወፍሯል” ሲሉ ትንሽ ይመስላል፤ ሒሳቡ ግን ሌላ ነው። 19 ሚሊ ሜትር የነበረ ባር በ20 ሲተካ 23 በመቶ ይጠነክራል፤ በ21 ሲተካ 49 በመቶ፤ በ22 ሲተካ 80 በመቶ። 23 ከሆነ ከሁለት እጥፍ ያልፋል። ስለዚህ ከማዘዝ በፊት መኪናው ላይ ያለውን ባር መሀሉ ላይ በካሊፐር መለካት ግድ ነው። እነዚህ መኪኖች ከ30 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል፣ አክስላቸው ስንት ጊዜ ከሌላ መኪና እንደተዛወረ ማንም አያውቅም፤ መጽሐፍ ላይ ያለው ልክ እና ከመኪናው ሥር ያለው ልክ ላይገናኙ ይችላሉ። ለአስፋልት ተራራ ውድድርና ለሰርኪት አንድ ደረጃ ወይም ሁለት፣ ማለትም ከ1 እስከ 2 ሚሊ መጨመር ይበቃል። ከዚያ በላይ የሚጠቅመው ፊቱም በዚያው ልክ ጠንክሮ፣ ሰፊ የውድድር ጎማ ለብሶ ከሆነ ብቻ ነው።

ጥራቱን በዓይን መለየት ይቻላል። ጥሩ ባር ከጥርሱ ወደ ሰውነቱ የሚሸጋገርበት ቦታ በዝግታ ይቀጥናል፣ ሰውነቱም ለስላሳና በቀለም የተሸፈነ ነው። የቶርኖ ቢላ ዱካ ክብ ክብ ሆኖ ከታየበት ይመለስ፤ ስንጥቅ የሚጀምረው ከእንዲህ ያለ ጭረት ነው። ግራና ቀኙም ምልክት ሊኖራቸው ይገባል፤ ባሮቹ በአንድ አቅጣጫ ለመጠምዘዝ ቀድመው የተለማመዱ ናቸውና ቦታ ከተቀያየሩ ቶሎ ይደክማሉ፣ ይሰበራሉም። ምልክት የሌለው ጥንድ የላከ ሻጭ ጥያቄ ሊመልስ ይገባዋል።

አገጣጠሙ ላይ ከኪቱ ጋር የሚመጣው ወረቀት በአብዛኛው ቀጭን ነው፤ ዋናውን ነገር የሚዘለው እዚሁ ነው። አሮጌው ባር ከመውጣቱ በፊት በጥርሱ ዙሪያ ዝገት መፍቻ ዘይት ለጥቂት ቀናት ደጋግሞ ይጠጣ። ባሩና ክንዱ ላይ፣ ባሩና ቅንፉ ላይ በቀለም ምልክት ይደረግ። የባሩ ጫፍ ላይ ቡሎን የሚገባበት ጥርስ ያለው ቀዳዳ አለ፤ ተንሸራታች መዶሻ እዚያ ታስሮ ይሳባል። የማይወጣ ባር ላይ የእሳት ችቦ የሚያነሱ አሉ። ባሩ ከዚያ በኋላ የሚጣል ከሆነ ይሁን፤ ተመልሶ የሚገባ ከሆነ ግን ሙቀቱ ጥንካሬውን ገድሎታል። አዲሱንም ባር በሞርሳ መንከስ ክልክል ነው፣ ከላይ የተባለውን ጭረት ራስ በራስ መሥራት ነው።

ከፍታውን ለመያዝ በአሞርዛተሩ ቦታ የሚገባ የቡሎን ጥርስ ያለው ረጅም ብረት ይሠራል፤ ሁለት ቀዳዳ፣ መሀሉ በዳዶ የሚረዝምና የሚያጥር። መኪናው በተፈለገው ከፍታ ላይ ሲቆም በሁለቱ የአሞርዛተር ቡሎኖች መካከል የሚኖረው ርቀት ይለካና ብረቱ በዚያ ልክ ይቆለፋል፤ ለግራም ለቀኝም ያው አንድ ልክ። ከዚያ ባሩ ይገባል። የባሩ ሁለት ጫፍ የጥርስ ቁጥር እኩል አይደለም፣ ይህም ሆን ተብሎ ነው፤ አንዱን ጫፍ አንድ ጥርስ ወደፊት ሌላውን አንድ ጥርስ ወደኋላ በማድረግ ከፍታው በ3 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ይቀየራል። ስለዚህ ባሩን እያዞሩ እየሞከሩ በሁለቱም ጫፍ በአንድ ጊዜ በእጅ የሚገባበትን ቦታ መፈለግ ነው። ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ሠላሳ ጊዜ ሊሞከር ይችላል። በእጅ ጀምሮ የማይገባ ባር በመዶሻ አይገባም፤ ጥርሱ ይላጫል፣ ክንዱም አብሮ ይጠፋል። ጥርሶቹ ላይ እንዳይያያዙ የሚከላከል ቅባት መቀባት አይዘንጋ፤ ሁለት ዓመት ቆይቶ እንደገና መፈታቱ አይቀርም።

ስታቢላይዘሩ የሚገባው ከሁሉም በኋላ ነው። ክንዶቹ እኩል ሳይቆሙ ከታሰረ ተጠምዝዞ ይቀራል፤ መኪናው ቆሞም አንዱን ጎማ ይጫናል፣ ሌላውን ያነሳል። የሻጩ ወረቀት ይህን አይልም። አዲስ ባር በመጀመሪያዎቹ ኪሎ ሜትሮች ጥቂት ሚሊ ይወርዳል፤ ስለዚህ መኪናው ትንሽ ተነድቶ፣ ሹፌርና ግማሽ ነዳጅ ይዞ በአራት ሚዛን ላይ ቆሞ መለካት፣ ልዩነት ካለም አንዱን ባር እንደገና አውጥቶ 3 ሚሊ ማንሳት ወይም ማውረድ ነው። አድካሚ ነው፤ ባሩን በቡሎን የሚያስተካክለው ሃይስ በዚህ ይሻላል።

የስታቢላይዘሩ ጉዳይ ከኪቱ ውስጥ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። ይህ ዓይነቱ ክንድ ጎማውን ከመኪናው አካል ጋር አንድ አድርጎ ያዘነብለዋል፤ አካሉ በኩርባ 4 ዲግሪ ካዘነበለ ጎማውም ከመንገዱ አንጻር 4 ዲግሪ ያዘነብላል። ስለዚህ መዘንበልን የሚቀንስ ነገር ሁሉ ጎማውን ቀጥ ያደርጋል፤ ወፍራም ስታቢላይዘር ጥሩ የሚሆነው ለዚህ ነው። በሌላ በኩል ግን ክብደትን ከውስጠኛው የኋላ ጎማ ወደ ውጨኛው ያሸጋግራል። በሹል ኩርባ ውስጠኛው ጎማ ከመሬት ሲነሳ መኪናው አፍንጫውን ቶሎ ያስገባል፤ የፊት ጎማ የሚነዳ መኪና ላይ የሚፈለገው ይህ ነው። ችግሩ እግር ከነዳጅ ፔዳሉ ላይ በድንገት ሲነሳ ነው። የ205 በፊትና በኋላ ጎማ መካከል ያለው ርቀት 2.42 ሜትር ብቻ ነው፣ ኋላው ቀላል ነው፣ ሁሉም ክብደት ወደ ፊት ይሮጣል፣ የኋላው ይለቃል። ይህ ጠባይ መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣም የሚታወቅበት ነው። ስታቢላይዘርም በአራተኛ ኃይል ነው የሚያድገው፤ 22 በ24 ሲተካ 42 በመቶ። ባሩንም ስታቢላይዘሩንም በአንድ ቀን ያወፈረ ሰው የትኛው ምን እንዳደረገ አያውቅም። ባሩ ይግባ፣ ይነዳ፤ አሁንም ፊቱ ኩርባውን ካልያዘ ስታቢላይዘሩ ይከተል። ለእርጥብ አስፋልትና ለጠጠር የፋብሪካው ይበቃል። ሙሉውን ኪት የሚሸጥ ሰው ይህን ለማለት ምክንያት የለውም።

አሞርዛተሮቹ ጥሩ ናቸው። አንድ ቱቦ ያላቸው ጋዝ የሞላባቸው ዓይነቶች፣ ለምሳሌ ቢልስታይን ለዚህ መኪና የሠራቸው፣ ሙቀት ሲበዛባቸው ቶሎ አይደክሙም። ባሩ በ49 በመቶ ከጠነከረ የመኪናው የመወዛወዝ ፍጥነት በ22 በመቶ ያድጋል፣ አሞርዛተሩም በዚያው ልክ መጠንከር አለበት። አሮጌ አሞርዛተር በአዲስ ወፍራም ባር ላይ ሲቀር የመኪናው ኋላ እንደ ኳስ ይነጥራል፤ ጎማው አየር ላይ ሲሆን ደግሞ ምንም አይዝም። ሲታዘዝ የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ “በስንት ሚሊ ለወረደ መኪና ነው የተሠራው?” መኪናው 30 ሚሊ ወርዶ አሞርዛተሩ ግን ለፋብሪካው ከፍታ የተሠራ ከሆነ በኩርባ ውስጥ ጉድጓድ ሲያገኝ ጉዞው ያልቅና ከውስጥ ይመታል። በዚያ ቅጽበት የኋላው ጥንካሬ ማለቂያ የለውም፤ መኪናውም ይሾራል። ጎማ ያላቸው የአሞርዛተር ቡሎኖች ደግሞ መጨረሻ የሚጠብቁት መኪናው በጎማው መሬት ላይ ሲቆም ነው፤ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ከጠበቁ የቡሎኑ ጎማ ሁልጊዜ እንደተጠመዘዘ ይኖርና ይቀደዳል።

ጠንካራ ሳፖርቶቹ ላይ ሐሳባችን የተከፈለ ነው። አራቱ የፋብሪካ የጎማ ሳፖርቶች ካረጁ አክስሉ በሙሉ ከአካሉ ሥር ይንሸራተታል፣ ስለዚህ አንድ ነገር መደረግ አለበት። አሉሚኒየሙ አክስሉን ከአካሉ ጋር ያጣብቀዋል፤ ለውድድር ብቻ ለሆነና ሲገለበጥ ሹፌሩን የሚጠብቅ የብረት ቀፎ በውስጡ ለተበየደለት መኪና ይስማማል። መንገድ ላይም ለሚነዳ መኪና ግን ድምፁ ጆሮ ያደነቁራል፤ ይባስ ብሎ የጎማው ሳፖርት ሲውጠው የነበረው ምት ሁሉ ወደ ወለሉ ላሜራ ይሄዳል። ላሜራው ውስጡ ዝጎ ከሆነ በሳፖርቱ ቡሎን ዙሪያ ይሰነጠቃል። አዲስ የጎማ ሳፖርት ወይም ጠንካራ ፕላስቲክ ለብዙው ሰው ይበቃል፣ ዋጋውም ያነሰ ነው።

ከኪቱ ውጭ ያለው ሌላ መንገድ የ309 ጂቲአይ አክስል ነው። በ205 ላይ በራሱ ቡሎን ቦታ ይገጥማል፣ ይሰፋል፤ ስፋቱ ብቻውን የክብደት ሽግግሩን ስለሚቀንስ ከወፍራም ስታቢላይዘር የተሻለ ጥቅም ነው። ጎማው ወደ ውጭ ስለሚወጣ የጭቃ መከላከያው የውስጥ ከንፈር መታጠፍ አለበት፣ አለበለዚያ ጎማውን ይላጫል። እዚህም መጀመሪያ የሚታየው ያው ኩሽኔታ ነው። ያገለገለ አክስል ሲገዛ “ታድሷል” የሚለው ቃል ዋጋ የለውም፤ ባሮቹና አሞርዛተሮቹ ወጥተው ክንዱ በእጅ ሲነሳ ሳይንገራገጭ፣ ትንሽ እየያዘ፣ ድምፅ ሳያሰማ መውረድ አለበት። ፍሬኑም ይታይ፤ ባለ 1.6 ሊትር ሞተሩ ከኋላ ከበሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣው ባለ 1.9 ደግሞ ዲስክ ነው፣ ክንዶቹም በዚያው መጠን ይለያያሉ። አንዱን ከሌላው አደባልቆ የገዛ ሰው የእጅ ፍሬኑ ገመድ ላይ ይጣበቃል።

የውድድር ደንቡን ከማዘዝ በፊት ማንበብም ከወጪ ያድናል። በዓለም አቀፉ የግሩፕ ኤን (ከፋብሪካው ብዙም ያልተለወጡ መኪኖች ምድብ) ደንብ የቶርሽን ባር ውፍረት ነፃ ነበር፤ የአክስሉ መያዣ ቦታዎች ግን የፋብሪካው ሆነው መቅረት ነበረባቸው። አሁን የቆዩ መኪኖች ውድድር የሚያዘጋጁ ክለቦች ብዙዎቹ ከዚያ የተወረሰ ደንብ አላቸው፤ አሉሚኒየም ሳፖርትና ሰፊ አክስል በምድቡ ይፈቀድ እንደሆነ በጽሑፍ መጠየቅ ነው።

በጀቱ ለግማሽ ኪት ብቻ ለሚበቃው ሰው ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ አራት ኩሽኔታ ከኦይልሲሎቹ ጋር፣ አስፈላጊ ከሆነ ሁለት ዘንግ፣ ከዚያ አሞርዛተር፣ ከዚያ ባር። ስታቢላይዘርና ሳፖርት ለሚቀጥለው ዓመት ይቆዩ። ከተገጠመ በኋላ ከመጀመሪያው ውድድር ቀጥሎ መኪናው ይነሳና የአራቱ ሳፖርቶች ቡሎን ይፈተሽ፣ የፍሬን ሆዝና የእጅ ፍሬን ገመድ ክንዱ እስከ ታች ሲወርድ እንደማይወጠሩ ይታይ፤ የባሮቹ ጫፍ ላይ በተቀባው ቀለምና በቅንፉ ላይ ባለው ምልክት መካከል ክፍተት ከተፈጠረም ጥርሱ ዘሏል ማለት ነው፣ መኪናው በተጎታች ይመለስ።